ማርቆስ ስላለው የእሁድ ግሩፕ የኔ ሪቪው (የአእምሮ ህክምና ክትትል ላይ ላላችሁና ለቤተሰቦቻችሁ)

ሰሞኑን በውስጥ መስመር "የምር ደብረ ማርቆስ ላይ የአእምሮ ታማሚዎች የሚሰበሰቡበት ግሩፕ አለ? ይጠቅማል ወይስ ቁጭ ብሎ ማውራት ብቻ ነው?" እያላችሁ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት። አለ። ይጠቅማል። ቁጭ ብሎ ማውራትም ነው፣ እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። የጎደለው ነገርም አለ፣ እሱንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጠብቃችሁ መጥታችሁ በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ቆርጣችሁ እንድትመለሱ አልፈልግም።

ቦታውን ግን እዚህ አልጽፍም። አባላቱ እዚሁ ከተማ የሚኖሩ ሱቅ ያላቸው፣ የሚያስተምሩ፣ የሚነግዱ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው፣ እነማን እንደሚገቡ መንገድ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው እንዲኖር አልፈልግም። ክትትል ያለው ሰው ካርዱን የሚያሳይበት ክፍል ያሉትን ነርሶች ቀስ ብሎ ቢጠይቅ ይነግሩታል፣ እኔም የገባሁት በነሱ በኩል ነው።

እኔ ድምጽ እሰማ ነበር። ክትትል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፣ በየወሩ መርፌ እወጋለሁ፣ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት እሰራለሁ። ድምጹን ዝም ያሰኘልኝ መድሃኒቱ ነው፣ ይሄን ማንም እንዲያጣጥልብኝ አልፈቅድም። ግን ድምጹ ዝም ካለ በኋላ ቤቱም ዝም አለ። ጓደኞቼ አልተጣሉኝም፣ በቃ መምጣት አቆሙ። ማህበር ሲኖር እናቴን ይጠሯታል እኔን አይጠሩኝም። ለቅሶ ቤት ስገባ አግዳሚው ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይለቁልኛል፣ እንዳልነካቸው። ሐኪሙ ጋ ስሄድ ደግሞ ወረፋው ረጅም ስለሆነ "እንቅልፍ? ምግብ? ድምጽ አለ?" ይልና ይጽፍልኛል፣ እሱንም አልወቅሰውም፣ ከበሩ ውጭ ያለውን ሰው ብዛት አይቻለሁ። እዚህ አገር እኮ የሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ስፔሻሊቲ ስልጠና ራሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፣ የአእምሮ ነርሶቹ እንኳን ሥልጠናቸው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ ከዛ በፊት ጎጃም ውስጥ ቤተሰብ ሲታመምበት ወይ ጠበል ነው ወይ ደግሞ አስሮ መኪና ላይ ጭኖ የአባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ አማኑኤል ማድረስ ነው። ስለዚ አሁን እዚሁ ቅርባችን መርፌና ኪኒን ማግኘታችን ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን መርፌ ከተወጋሁ በኋላ ያሉትን ቀኖች ከማን ጋር ነው የማሳልፈው? ግሩፑ የሚመልሰው እሱን ጥያቄ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሁድ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ተበልቶ 8 ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን። ሙስሊም አባላትም አሉ፣ ረመዳን ላይ ቡናውን ትተን ዝም ብለን እንቀመጣለን። የሚመጣው ሰው አንዳንዴ 10 አካባቢ ነው፣ ሲበዛ 20 ይሞላል። ክፍያ የለም፣ ለቡናና ለስኳር የቻለ ያዋጣል፣ ያልቻለን ማንም አያየውም። የሚያወያየን ሰው ራሱ ታማሚ ነው፣ አሁንም ማታ ማታ ኪኒኑን የሚውጥ፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ህመም) ያለበት፣ በአንድ ወቅት ሳይተኛ ሰንብቶ በሬውን ሸጦ ገንዘቡን መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ያደለ ሰው ነው፣ ይሄን ራሱ ነው የሚናገረው፣ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሱን ታሪክ ያወራል። ደሞዝ የለውም። ነርሷ በወር አንዴ ትመጣና ስለ መድሃኒት የሚጠየቀውን ትመልሳለች፣ እንቅልፍ ስለሚያበዛው፣ ስለሚያወፍረው፣ እጅ ስለሚያንቀጠቅጠው፣ ከመርፌ በኋላ አፍ ስለሚያደርቀው፣ ወረፋ ላይ ሆነን ልንጠይቅ ያፈርነውን ሁሉ። ስማችሁን መናገር ካልፈለጋችሁ "እህታችን" ወይ "ወንድማችን" ተብላችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ማውራትም ግዴታ የለም።

ደንቡ ጥቂት ነው። እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል። የሌላውን ሰው መድሃኒት ማንም አይነካም፣ አይሰጥም፣ "ተወው" አይልም። "እንዲህ አድርጊ" ማለት የለም፣ "እኔ እንዲህ ሆኜ እንዲህ አደረግሁ" ነው የሚባለው፣ ይቺ ደንብ መጀመሪያ ትንሽ ታስቸግራለች ምክንያቱም ሁላችንም መምከር እንወዳለን፣ ግን ከለመዳችኋት በኋላ ሌላ ቦታ ሰው "ለምን አትጸልዪም፣ ለምን ሥራ አትይዢም፣ ለምን አታገቢም" ሲላችሁ ጆሯችሁን ያማችኋል። የመጨረሻው ደንብ ደግሞ የቀረ ሰው ይፈለጋል ነው። ስለሱ በኋላ እመለሳለሁ፣ ለኔ ግሩፑ ማለት እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቡናው ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ አለች፣ ከጎዛምን ገጠር ነው የምትመጣው። ቤቷ ቢላ አታነሳም፣ እሳት አጠገብ አያስቀርቧትም። አንድም ቀን ሰው ጎድታ አይደለም፣ "ምን ይታወቃል" ተብሎ ነው። ታማሚ ያለበት ቤት ይሄን ያውቀዋል፣ ማታ ማታ ቢላው ከማጀት ይወጣና የሆነ ቦታ ይደበቃል፣ ታማሚዋም መደበቁን ታውቃለች፣ ማንም ግን አያወራም። ልጅቷ መጀመሪያ ከእናቷ ጋር መጥታ ጥግ ላይ ቁጭ ባለችበት አንዲት እማሆይ አሉን፣ እሳቸውም አባል ናቸው፣ ክብሪቱን አወጡና "ነይ ልጄ፣ ከሰሉን አንቺ አያይዥው፣ እኔ ወገቤን ያመኛል" አሏት። ልጅቷ ክብሪቱን ተቀብላ ትንሽ ይዛው ቆየች፣ ወደ እናቷ አየች። እናቷ እጃቸውን ነጠላው ውስጥ አድርገው ዓይናቸውን ከክብሪቱ ላይ አልነቀሉም። ከዛ አያያዘችው። አጥባ ቆላች፣ ጢሱን እያዞረች አስሸተተችን፣ ወቀጠች፣ አፈላች፣ አቦሉን ለእናቷ ሰጠች። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም "ጎበዝ" አላላትም፣ ወሬያችንን ቀጠልን፣ አሁን ቡናውን አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት የምታፈላው። እናቷ ከዛ በኋላ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እንደምትከትፍ ነግረውናል። እንደዚህ አይነቱን ነገር የትኛውም የመድሃኒት ማዘዣ ላይ አታገኙትም፣ ብታገኙትም ቤተሰብ አይተገብረውም፣ ሌላ ታማሚ ሳይፈራ ሲያደርገው ካላየ።

አሁን ስለ ቀረ ሰው። ስሙን ያልጻፈ ሰው እንኳን ሁለት እሁድ ከቀረ፣ መጀመሪያ ሲመጣ "ብጠፋ ብትፈልጉኝ ደስ ይለኛል" ካለ ይፈለጋል፣ አልፈልግም ካለ አይነካም። እኔ እሺ ብዬ ነበር። አንድ ወቅት ላይ መርፌው ጠፋ፣ የምወስድበት ቦታ "የለም፣ በሚቀጥለው ወር" ተባልኩ፣ በሚቀጥለውም አልመጣም። ቀስ ብሎ እንቅልፌ ሄደ፣ ከዛ ድምጹ ከሩቅ መጣ፣ የጎረቤት ሰዎች የሚያወሩ የሚመስል፣ ስሜን የሚጠራ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ሱቅ መሄድም ግሩፕ መሄድም ተውኩ፣ እናቴ ድካም መሰላት።

ከዛ በር ተንኳኳ። እማሆይና ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ነበሩ። እናቴ ደንግጣ "ምን ሰማችሁ?" አለቻቸው፣ እማሆይ "ኧረ ምንም፣ ልጄን ናፍቄ ነው" ብለው ገብተው ተቀመጡ። ስለ ቀረሁበት አልጠየቁኝም። ስለ ኑግ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አንድ ሰርግ አወሩ። የባጃጁ ልጅ ሻዩን እየጠጣ ቀስ ብሎ "ሬዲዮ ከፍተሽ ነው የምታድሪው?" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሰማው ተራ ጥያቄ ነው። ግን ሌሊት ድምጹን ለመሸፈን ሬዲዮ የከፈተ ሰው ብቻ ነው እንደዛ ብሎ የሚጠይቀው፣ እሱ አንድ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ዜናውንም መዝሙሩንም ዘፈኑንም ሲያዳምጥ ያደረ ልጅ ነው። "አዎ" አልኩት፣ አልቅሼ ነው ያልኩት። በማግስቱ በራሱ ባጃጅ ወሰደኝ፣ ወረፋው ላይ አብሮኝ ቆመ፣ ነርሷ መርፌው እስኪገኝ ድረስ ኪኒን ተክታ እንድትሰጠኝ ሁኔታዬን እሱ ነው ያስረዳልኝ፣ እኔ በወቅቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር መቀጠል አልችልም ነበር። ሆስፒታል ሳልተኛ አለፈ። በፊት እንደዛ ሲጀምረኝ መጨረሻው ሁልጊዜ መታሰር ነበር።

እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ እሱ ሐኪም አልሆነም፣ መድሃኒት አላዘዘም። ቀድሞ አወቀ፣ አብሮ ሄደ፣ አለቀ። ጽዋ ማህበር ያለው ሰው ይገባዋል፣ ማህበርተኛ ሲቀር ዳቦው ቤቱ ይሄድለታል አይደል፣ ግሩፑም ያንኑ ነው የሚያደርገው፣ ልዩነቱ እዚህ የሚመጣው ሰው ያለህበትን ጉድጓድ ከውስጥ ያውቀዋል።

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ይሄ ነገር ነፍስ አድን ሆኖ ነው ያገኘሁት። ያሳለፍነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ኢንተርኔት የለም፣ መኪና የለም፣ ከሉማሜ ወይ ከደምበጫ ለመምጣት እንኳን ቀን ይጠበቃል። ያኔ አወያያችን አንድ ደብተር አዘጋጀ፣ የፈቀደ ሰው ኪኒኑ የሚያልቅበትን ቀን ይጽፋል፣ ቀኑ ሲቃረብ መንገድ ያገኘ ሰው የሌሎቹን ካርድ ይዞ ሄዶ ነርሶቹ በሚፈቅዱት መሠረት ይወስድላቸዋል። ኪኒን አንለዋወጥም፣ ይሄን ደጋግሜ የምጽፈው ችግር ሲጠና "ከኔ ትንሽ ልስጥሽ" ማለት ስለሚመጣ ነው፣ የአንዱ መድሃኒት ሌላውን ሊጎዳ ይችላል፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ላለባቸው አባላት አንድ ቀን መዝለል እንኳን አደጋ ነው፣ ለነሱ ቅድሚያ ይሰጣል።

ኮሜንት ላይ "ታማሚ ታማሚን ምን ያድነዋል፣ ዕውር ዕውርን ቢመራ" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ከዚህ በፊትም ተብለናል። ለነዚህ ሰዎች ሁለት ነገር ልንገራቸው። ጉራጌ ሶዶ ወረዳ ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ የሚባል የህክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል፣ ስኪዞፍሬኒያ (ድምጽ መስማትን የመሰለ ምልክት ያለው ከባድ የአእምሮ ህመም) ያለባቸው 166 ሰዎች ነበሩበት። ገሚሶቹ ጤና ጣቢያ ክትትል ብቻ አደረጉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ክትትሉ ላይ ተጨምሮ ሐኪም ያልሆኑ የሰለጠኑ የአካባቢ ሰዎች ቤታቸው እየሄዱ፣ ከቤተሰብና ከሰፈር ሰው ጋር እያገናኟቸው፣ ወደ ሥራና ወደ ማህበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ አገዟቸው። ከ12 ወር በኋላ የለት ተለት ኑሯቸውን መምራት ላይ የተሻሉት ሁለተኞቹ ናቸው። እነዛ ሠራተኞች ታማሚዎች አልነበሩም፣ ያ ልዩነት አለው፣ ግን ነጥቡ መድሃኒት ላይ ሰው ሲጨመር ምን እንደሚያመጣ ነው፣ እሱም እዚሁ አገራችን ገጠር ውስጥ የታየ ነው።

ሌላው ዚምባብዌ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም የሱ ታካሚ የነበረች ልጅ እሱ ጋ ለመምጣት የመኪና ሳንቲም አጥታ ሕይወቷ ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ሐራሬ ውስጥ የሰፈር አያቶችን አሰልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ የተጨነቀ ሰው መጥቶ ያዋራቸዋል። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ2016 ውጤቱ ሲወጣ አያቶቹ ጋ የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ ጭንቀትና ድብርታቸው ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ደግሞ ውይይታቸውን ሲጨርሱ ተበትነው አይቀሩም፣ ሌሎች እንደነሱ ያለፉ ሰዎች ጋ ተቀላቅለው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ናይሮቢ ላይ ደግሞ ልክ እንደኛ ራሳቸው ታማሚዎች የሚመሯቸው ግሩፖች አሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ላይ ለጥሩ ምሳሌ ጠቅሷቸዋል። የመኪና ሳንቲም ያጣችውን ልጅ ታሪክ ሳነብ ከደብረ ኤልያስ በእግሯ የምትመጣ አንዲት እናታችን ትዝ ብላኝ ንባቤን አቁሜ ወጣሁ።

ጠበልን በተመለከተም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ግሩፑ ጠበል አይቃወምም፣ ጠበል ሂዱም አይልም። አብዛኞቻችን ተጠምቀናል፣ አሁንም የሚጠመቅ አለ፣ እማሆይ ራሳቸው ጠዋት ጠበላቸውን ጠጥተው ማታ ኪኒናቸውን ይውጣሉ፣ "ሁለቱንም የሰጠው አንድ ነው" ይላሉ። ችግር የሚመጣው መድሃኒት አቁመህ ነው የምትጠመቀው ሲባል ነው፣ እዚህ ላይ ግሩፑ ፈራ ተባ ሳይል ይናገራል፣ አቁመው የታመሙ አባላት ራሳቸው ይናገራሉ። አንድ የቅኔ ተማሪ የነበረ ወንድማችን አለ፣ ከጉባኤ ቤት ታሞ ነው የወጣው፣ ሰፈሩ በሙሉ "አብሾ ጠጥቶ ነው" ብሎ ፈረደበት፣ አብሾ ትምህርት እንዲገባ ተብሎ ይጠጣል የሚባል ዕፅ ነው፣ አብሾ የሚሉትን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ጎጃም ውስጥ ተማሪ ታመመ ማለት አብሾ፣ ሴት ታመመች ማለት ዛር ወይ ዓይነ ጥላ ነው። እሱ ለዓመታት ጥፋቱ የሱ እንደሆነ አድርጎ ሲሸከም ኖሮ ግሩፑ ውስጥ ሌላ የኔታ ቤት የዋለ፣ ልክ እሱን የመሰለ ታሪክ ያለው ሰው አገኘ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ ብታዩዋቸው። አሁን ልጆች ፊደል ያስቆጥራል።

እሺ፣ አሁን ወደማይመቸው ልምጣ።

ክፍሉ መጥፎ ነው። የምንከራየው ቤት ከጎኑ ጠላ ቤት ነው፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አንድ፣ እኛ የምናወራው ለነሱ የነሱ ጨዋታ ለኛ ይሰማል። "ምስጢር ይጠበቃል" ብሎ ደንብ አውጥቶ በዛ ክፍል መሰብሰብ አይገናኝም። ከአረቄ ለመላቀቅ የሚታገሉ አባላትም አሉን፣ እነሱን የጠላ ሽታ እያስሸተቱ "በርቱ" ማለት ተገቢ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ፣ ሌላ የሚያከራይ ሲጠየቅ "እነማን ናቸው የሚሰበሰቡት?" ይልና ሲነገረው ቤቱ ወዲያው ተይዟል ይባላል። ስለዚ ጥፋቱ የግሩፑ ብቻ አይደለም፣ ግን ውጤቱ ለሚመጣው ሰው ያው ነው።

ምስጢርም ወጥቶ ያውቃል። የአንዲት ልጅ ነገር ከግሩፑ ወጥቶ ሽማግሌ ሊልኩ የነበሩ ሰዎች ቀሩ። ያወራው ሰው ማን እንደሆነ ታወቀ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለጊዜው እንዳይመጣ ተደረገ፣ ልጅቷ ግን አልተመለሰችም። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ይሄ አደጋ የለም ብዬ አልዋሽም። እኔ በግሌ ምክሬ መጀመሪያ ላይ ስማችሁንም ሰፈራችሁንም አትናገሩ፣ ሰዎቹን ካያችሁ በኋላ ወስኑ።

ሴቶች ትንሽ ነን። እሁድ 8 ሰዓት ለወንድ የዕረፍት ሰዓት ነው፣ ለሴት ደግሞ የቤት ሥራ የሚበዛበት ነው፣ እንግዳ አለ፣ ልጅ አለ፣ ነገ ለትምህርት ቤት የሚታጠብ ልብስ አለ። ልጅ ይዞ መምጣት አልተከለከለም ግን ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ወልደው ከወሊድ በኋላ የታመሙ ሁለት እናቶች መጥተው ነበር፣ ወንድ በበዛበት ስለዛ ነገር ማውራት ስላልቻሉ ሁለቱም ቀሩ። እማሆይና እኔ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሌላ ቀን ይያዝ ብለን ጠይቀናል፣ እስካሁን "እናያለን" ነው።

ንግግር የሚያበዙ ሰዎችም አሉ። አንዱ ከጀመረ ግማሹ ሰዓት የሱ ነው፣ አወያያችን ጨዋ ስለሆነ ማቋረጥ አይችልም። አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይሄን አይቶ "ይሄ ነው እንዴ?" ሊል ይችላል፣ እባካችሁ ሌላም እሁድ ኑ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መሆኑ ነው። አወያያችን ራሱ በታመመበት ወቅት ግሩፑ ሊበተን ነበር። ቁልፉ እሱ ጋ፣ ደብተሩ እሱ ጋ፣ ከነርሷ ጋር የሚደዋወለው እሱ። በደህና ቀኑም ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ይደውልለታል፣ ያነሳል፣ እንቅልፍ ደግሞ ለባይፖላር ሰው መድሃኒት ማለት ነው። ሰው የሚደግፍ ታማሚ ራሱም ድጋፍ ይፈልጋል፣ ሥልጠና፣ ተረኛ፣ የትራንስፖርትና የስልክ ካርድ ወጪ። በበጎ ፈቃድ ብቻ እየተባለ እስኪወድቅ ድረስ መጠቀም ትክክል አይመስለኝም። አሁን ሁለት ሰዎች አብረውት እየለመዱ ነው፣ አንዷ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ናት።

ቤተሰብን በተመለከተ ምንም የለም ማለት ይቻላል። እናቶች ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ እንጂ ለነሱ የተዘጋጀ ነገር የለም፣ እነሱ ደግሞ ስንት የሚያወሩት አላቸው፣ የኔ እናት ብቻዋን ያሳለፈችውን ለማን ነግራ እንደምታውቅ እንጃ።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ግሩፑ የህክምና ቦታ አይደለም። ሰው ከራሱ ውጭ ሆኖ ከሆነ፣ ቀናት ሳይተኛ ሳይበላ ከቆየ፣ ወይም ራሴን ላጥፋ የሚል ሃሳብ ከመጣበት እሁድ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ገመዱንም መርዙንም የአይጥም የአረምም መድሃኒቱን ከአጠገቡ አርቃችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ሁለት ሰው ይመደብለትና እስከ ሐኪሙ ድረስ ይሸኘዋል። በቀጥታ መጠየቅም ነውር አይደለም፣ "ራስህን የማጥፋት ሃሳብ አለህ?" ብሎ መጠየቅ ሃሳቡን አይጨምርበትም፣ ያቀለዋል እንጂ፣ ይሄን ነርሷ ካስተማረችን በኋላ እኛም አይተነዋል።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት ለክፍሉና ለሴቶቹ ጉዳይ ነው፣ እሱ ሲስተካከል እመልሰዋለሁ።

የምትመጡ ሰዎች፦ ገንዘብ አትያዙ፣ ካርዳችሁንም አትያዙ፣ ማንም አያይም። ከሩቅ የምትመጡ ከሰዓት በኋላ መኪና ቶሎ ስለሚያልቅ 10 ሰዓት ሳይሞላ ብትነሱ ማንም አይቀየማችሁም። ቤተሰብ ከሆናችሁ ታማሚውን "ና ልወስድህ" ብላችሁ አታታሉት፣ የት እንደሚሄድ ንገሩት፣ ካልፈለገ እናንተ መጥታችሁ ተቀመጡ፣ አንዳንዱ እናቱ ደጋግማ ስትሄድ አይቶ ነው ተከትሎ የመጣው። ማርቆስ ውስጥ ግቢ ያለው፣ ግድግዳው ድምጽ የማያሳልፍ፣ እሁድ ከሰዓት ባዶ የሚሆን ክፍል ያላችሁ ሰዎች ደግሞ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ ኪራዩን እንከፍላለን፣ ቤቱን አጽድተን እናስረክባለን።